የሰባት ዓመት ልጄ የወተት መንጋጋዋ ተነቀለ፤ ክፍተቱን ዝም ልበለው?

የአዘዞዋ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ 7 ዓመቷ ነው። በፍልሰታ ሰሞን ከታች በግራ በኩል ያለው የወተት መንጋጋዋ ተቦርቡሮ ስላሳበጣት አስነቀልናት። «የወተት ነው፣ ይተካል» ብለው አሰናበቱን። አሁን የፊት ጥርሶቿ ተደራርበው እየወጡ ነው፤ አንዱማ የወተቱ ሳይወልቅ ከኋላው ብቅ ብሏል። ምን ላድርግ?

የሦስት ልጆች እናት፦ አይዞሽ እህቴ። የኔም ልጅ እንደዚያው ከኋላ ወጥቶበት ነበር፤ የወተቱ ሲወልቅ ምላሱ እየገፋ ወደ ፊት አመጣለት። የሚነቃነቅ ከሆነ እጇን ታጥባ ራሷ ታነቃንቀው። ጣሪያ ላይ መወርወሩን እንዳትረሱ ብቻ!

የጥርስ ሐኪም፦ የፊቱ ብዙም አያስጨንቅም፤ የሚያሳስበኝ መንጋጋው ነው። የተነቀለው የመጨረሻው የወተት መንጋጋ ነው ወይስ ከፊቱ ያለው?

የአዘዞዋ፦ የመጨረሻው ነው። ከኋላው አንድ ትልቅ ጥርስ በቅርቡ ወጥቷል።

የጥርስ ሐኪም፦ እንግዲያው አትዘግዪ። ትልቁ በ6 ዓመት ገደማ የሚወጣው ቋሚ መንጋጋ ነው፤ ምንም ሳይወልቅ ስለሚወጣ ብዙ ወላጅ የወተት ይመስለዋል። ፊቱ ክፍት ሲሆን እያጋደለ ወደ ፊት ይሄዳል። በተነቀለው ምትክ የሚመጣው ጥርስ ግን ከ10 እስከ 12 ዓመቷ ነው የሚወጣው፤ ያኔ ቦታው ተይዞ ይጠብቀዋል፤ ወይ አጥንት ውስጥ ይቀራል ወይ ወደ ምላስ ተጣሞ ይወጣል። ክፍተቱ በብዛት የሚጠበው በመጀመሪያዎቹ 6 ወራት ስለሆነ አሁኑኑ ራጅ ትነሳ። ተተኪው ሊወጣ የተቃረበ ከሆነ ምንም አያስፈልግም። ገና ከሆነ በትልቁ መንጋጋ ላይ ቀለበት ይጣበቅና ከእሱ የሚነሣ ሽቦ ከክፍተቱ ፊት ያለውን ጥርስ ተደግፎ ቦታውን ይይዛል። ማስቲካና ደረቅ ከረሜላ ያላቅቁታል፤ ቢላቀቅ በቶሎ ይመለስ። አዲሱ ጥርስ ብቅ ሲል ቀለበቱ ይነሣል። የፊቱን መደራረብ ግን አያስተካክልም፤ እሱ በኋላ ይታያል።

ነርስ ነኝ፦ መጀመሪያ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የጥርስ ክፍል ጠይቂ። ወደ ግል ክሊኒክ ከሄድሽ ደግሞ ካርድ ሳታወጪ «ለልጅ ቀለበት ትሠራላችሁ?» በይ፤ መንቀል ብቻ የሚሠሩ አሉ።

ከማራኪ፦ የኔው ልጅ ገና 4 ዓመቱ ነው፤ ወድቆ የላይ የፊት ጥርሱ ወለቀ። ለእሱም ቀለበት ያስፈልገዋል?

የጥርስ ሐኪም፦ አያስፈልገውም። ክራንቻዎቹ ከወጡ የፊቱ ክፍተት እምብዛም አይዘጋም። ወንድሜ፣ የወለቀውን የወተት ጥርስ መልሰህ እንዳትተክለው፤ ከሥሩ ያለውን ቋሚ ጥርስ ይጎዳል። ድዱ ውስጥ ስባሪ እንዳልቀረ ግን አሳየው።