የኮንደንሰር ለውጥ በድምፅ ላይ ያመጣው ልዩነት እንዴት ይለካል?

ጠያቂ፣ ከደሴ
ሰላም ለእናንተ ይሁን። የአንድ የመንዙማ ቡድን አምፕሊፋየር ስጠግን፣ በመግቢያው ላይ የነበረውን ያረጀ 4.7 ማይክሮፋራድ ኤሌክትሮሊቲክ ኮንደንሰር (ቻርጅ የሚይዝ ዕቃ፤ የመያዝ አቅሙ በማይክሮፋራድ ይለካል) አውጥቼ ፊልም በሚባለው ሌላ ዓይነት፣ በ0.47 ማይክሮፋራድ ኮንደንሰር ተካሁት፤ ፊልም ለድምፅ ይሻላል ሲባል ስለምሰማ ነው፤ መጠኑን ያሳነስኩት ደግሞ ትልቁ ፊልም ቦርዱ ላይ አልገባ ስላለኝ ነው። ደንበኛዬ «ድምፁ ጠራ» ብለው ተደሰቱ፤ ለእኔ ግን ድቤው የሳሳ መሰለኝ። በላፕቶፕና በሳውንድ ካርድ በ1 ኪሎ ሄርዝ ስለካ ምንም ልዩነት አላየሁም። የት ተሳሳትኩ?

መልስ፣ ከኮምቦልቻ
ወንድሜ፣ አብሽሩ፤ ጆሮዎ አላታለለዎትም። የመግቢያውን ሬዚስታንስና የኮንደንሰሩን መጠን ከ6.28 ጋር አባዝተው 1ን ለውጤቱ ሲያካፍሉ፣ ወፍራም ድምፅ መቆረጥ የሚጀምርበትን ፍሪኩዌንሲ ያገኛሉ። ሬዚስታንሱ 10 ኪሎ ኦም ከሆነ፣ በ4.7 ማይክሮፋራድ 3.4 ሄርዝ ግድም፣ በ0.47 ግን 34 ሄርዝ ግድም ነው። ዓይነቱንም መጠኑንም በአንድ ጊዜ ስለለወጡ፣ የትኛው ምን እንዳመጣ መለየት አይቻልም።

በ1 ኪሎ ሄርዝ ልዩነት ያላዩት፣ እዚያ ላይ በኮንደንሰሩ ሁለት እግሮች መካከል የሚቀረው ቮልቴጅ እጅግ ትንሽ ስለሆነ ነው፤ ቮልቴጅ ካላረፈበት ድምፅ የሚያዛባበት ምክንያት የለውም። ፍሪኩዌንሲው ሲወርድ ግን ያ ቮልቴጅ ያድጋል፤ ስለዚህ በ20፣ በ50 እና በ100 ሄርዝ ይለኩ። አስቀድመው የሳውንድ ካርዱን መውጫ ከራሱ መግቢያ ጋር አገናኝተው የካርዱን የራሱን መዛባት ይመዝግቡ፤ አለዚያ የካርዱን ጥፋት ለኮንደንሰሩ ይሰጡታል። የአምፕሊፋየሩን መውጫ በቀጥታ ወደ ካርዱ አያስገቡ፣ ያቃጥለዋል፤ በስፒከሩ ፈንታ 8 ኦም የኃይል ሬዚስተር ጭነው፣ ቮልቴጁን በሁለት ሬዚስተሮች ከፍለው ይውሰዱ።

መልስ፣ ከወልድያ
ያወጡትን አሮጌ ኮንደንሰርም ይለኩት፤ ኤሌክትሮሊቲክ ሲደርቅ መጠኑ ይቀንሳል። የደረቀን ዕቃ ከአዲስ ጋር አወዳድሮ «ፊልም ይበልጣል» ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው። ቦታ ጠበበኝ ብለው ደግሞ ኤክስ 7 አር የሚባለውን የሴራሚክ ኮንደንሰር በድምፅ መንገድ ላይ አያስገቡ፤ መጠኑ ከቮልቴጁ ጋር ስለሚለዋወጥ ድምፅ ያዛባል።

ጠያቂ፣ ከደሴ
እግዜር ይስጥልኝ። አሮጌው 2 ማይክሮፋራድ እንኳ አልሞላም። ፊልሙ በ50 ሄርዝ ከአዲስ 4.7 ኤሌክትሮሊቲክ በ1.6 ዴሲቤል ያንሳል፤ በ1 ኪሎ ሄርዝ ግን የሁለቱም መዛባት ከሳውንድ ካርዱ የራሱ መዛባት አይለይም። ደንበኛዬ «ጠራ» ያሉት የድቤውን መቅለል ነበር ማለት ነው። ዓርብ ሲመጡ ሁለቱንም የትኛው የትኛው እንደሆነ ሳልነግራቸው አሰማቸዋለሁ፤ የመረጡት ይገባል።