የድንጋይ ካባ ላይ ነው የምሠራው፤ ስለ ፈንጂ ሥልጠና ምከሩኝ

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ሰሜን ሸዋ፣ ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ ባለ አንድ የድንጋይ ካባ የመጋዘን ሠራተኛ ነኝ። ባለፈው ወር «የደህንነት ኃላፊም አንተ ነህ» ተባልኩ። ለ14 ሠራተኞች ሥልጠና ስጥ ተብያለሁ። እኔ ራሴ ግን አንድም ቀን በወጉ አልሠለጠንኩም።

እውነት ለመናገር ጨንቆኛል። የአሞኒየም ናይትሬቱ (ፈንጂ የሚዘጋጅበት ኬሚካል) ጆንያና የዴቶኔተሩ (ፈንጂውን የሚያስነሣው ቀስቃሽ) ካርቶን አንድ ክፍል ውስጥ ናቸው። መካከላቸው የእንጨት መደርደሪያ ብቻ ነው ያለው። በየራሳቸው ቤት መቀመጥ እንዳለባቸው አውቃለሁ፤ አለቃዬ ግን «ቤት የለም» ይላል። ማክሰኞ ዕለት አንዱ ልጅ ናፍጣ የነካው ጓንት ጆንያው ላይ ጥሎ ሄደ። እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው ያነሣሁት። ክረምቱም መጣ፤ መብረቁ ያስፈራኛል።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ስለ ሥራው አደጋ ሠራተኛውን እንዲያሳውቅ፣ የመከላከያ ዕቃም እንዲያቀርብ ያስገድዳል። ይህን ለአለቃዬ እንዴት ላቅርብለት? ደብዳቤ ልጻፍ ወይስ በቃል?

ሥልጠናውንስ ከምን ልጀምር? ልጆቹ ወረቀት ከሚያነቡ በዓይናቸው አይተው ቢማሩ ይሻላል ባይ ነኝ። ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ድንጋዩ ውስጥ የተቀበረው ፈንጂ ሳይፈነዳ ሲቀር ነው። ቶሎ ሄደው በዲጂኖ ይነካኩታል። «ተው» ስላቸው «ምን ይሆናል?» ይሉኛል።

በዚህ ሥራ ያለፋችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ እባካችሁ ንገሩኝ። ሰኞ ጠዋት ልጀምር ነው።