በሴፍቲኔት ዝርዝር ላይ የኮታ እጥረትን ከፖለቲካ አድልዎ እንዴት እንለያለን?

አዝመራ፦
ሰላም ለሁላችሁ። በገጠር ሴፍቲኔት (ድሃ ቤተሰቦች ለሚሠሩት የማኅበረሰብ ሥራ እህል ወይም ገንዘብ የሚያገኙበት ፕሮግራም) ድሃ ሆኖ ሳለ ያልተጻፈ ሰው ለምን እንደቀረ ሲጠየቅ የቀበሌው አመራር «ኮታ አልበቃም» ይላል፣ ጎረቤት ደግሞ «ተቃዋሚ ስለሆነ ነው» ይላል። የተጠቃሚ ልየታን ለሚያጣራ ቡድን መጠይቅ እያዘጋጀን ነው። እውነቱን ከሰነድ መለየት ይቻላል? የትኛውን ሰነድ ከየትኛው ጋር እናስተያይ?

ገብስማ፦
መጀመሪያ ሁለቱን ተቃራኒ አድርጋችሁ አትያዙ፤ ኮታው ራሱ የፖለቲካ ውሳኔ ነው። ፕሮግራሙ በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር ወረዳዎቹ የተመረጡት ከዚያ በፊት ለዓመታት የእርዳታ እህል ሲቀበሉ በመቆየታቸው ነው። የሰው ቁጥሩ ከፌዴራል ለክልል፣ ከክልል ለወረዳ፣ ከወረዳ ለቀበሌ ይወርዳል። ቀበሌው የወረደለትን ቁጥር ይሞላል እንጂ ያለውን ድሃ ቆጥሮ በዚያ ልክ አይበጀትለትም።

ቁጥሩ ሲያንስ ቤተሰብን ከነጭራሹ መሰረዝ ጠብ ያመጣል። ስለዚህ አመራሩ ቤቱን ትቶ ነፍስ ይቀንሳል። መመሪያው ሙሉ ቤተሰብ ይጻፍ ቢልም አምስት ነፍስ ላለው ቤት ሁለት ብቻ ይጻፍለታል። በእህል ሲሰላ ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ ነው (5 የሥራ ቀን፣ በቀን 3 ኪሎ)። 75 ኪሎ የሚገባው ቤት 30 ኪሎ ይዞ ይሄዳል፣ ያንኑ አምስት ሆነው ይበሉታል። ከዚያ «ፕሮግራሙ ለውጥ አላመጣም» ይባላል። እንዴት ያመጣል?

የምትፈልጉት ማስረጃ እዚሁ ላይ ነው። ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የሚይዙትን፣ የቤቱ ሰው ሁሉ የተዘረዘረበትን የቤተሰብ ማህደር ከሴፍቲኔት ተጠቃሚ ካርድ ጋር ቤት በቤት አስተያዩ። ቅነሳው ሁሉንም ቤት በተመሳሳይ መጠን የነካ ከሆነ የኮታ እጥረት ነው። አንዳንዱ ቤት ሙሉውን ተጽፎ ሌላው በግማሽ ከሆነ ግን ሙሉ የተጻፉት እነማን እንደሆኑ አጣሩ፤ የምክር ቤት አባል፣ ሚሊሻ፣ የአንድ ለአምስት (በአንድ መሪ ሥር አምስት ሰው የሚያደራጅ መዋቅር) መሪ።

ተፋሰስ፦
የገብስማ ስሌት ትክክል ነው፣ «የምክር ቤት አባል» የሚለውን መለኪያ ግን አውጡት። ከ2000ው የአካባቢ ምርጫ ጀምሮ የአንድ ቀበሌ ምክር ቤት እስከ 300 አባል እንዲኖረው ሆኗል። አንድ ሺህ አባወራ ባለው ቀበሌ ወደ ሲሶው የሚጠጋ ቤት አባል አለው ማለት ነው፤ ከእነዚህም ውስጥ እውነተኛ ድሃ ሞልቷል። የቀበሌውን ካቢኔና የቅርብ ዘመዶቻቸውን ተመልከቱ፣ እሱ ይነግራችኋል።

ቀጥሎ ማን የት እንደሚቀመጥ እዩ። የቀበሌ ምግብ ዋስትና ግብረ ኃይልን የሚመራው የቀበሌው አስተዳደር ነው፤ ዝርዝሩ በእጁ ያልፋል። የቅሬታ ሰሚ ኮሚቴው ደግሞ ከግብረ ኃይሉ የተለዩ ሰዎች እንዲሆኑ ነው ደንቡ የሚለው። የሁለቱን ቃለ ጉባኤ ጎን ለጎን አስቀምጡና ፊርማዎቹን አስተያዩ። አንድ ሰው በሁለቱም ላይ ከፈረመ ቅሬታ አቅራቢው የተከሰሰውን ሰው ራሱን ዳኛ አድርጎ ነው የሚያገኘው።

የቅሬታ መዝገቡ ባዶ ከሆነ «ችግር የለም» ብላችሁ አትጻፉ። ማዳበሪያም፣ ምርጥ ዘርም፣ ብድርም፣ የድጋፍ ደብዳቤም በዚያው በቀበሌው ቢሮ በኩል ነው የሚያልፉት። በ30 ኪሎ እህል ተጣልቶ የማዳበሪያ ተራውን የሚያጣ ገበሬ የለም። በጥቅምት 2003 የመብት ተሟጋቹ ሂዩማን ራይትስ ዎች ሴፍቲኔትን ጨምሮ የልማት እርዳታ ለፖለቲካ ድጋፍ ማስገደጃ እየዋለ ነው ሲል መንግሥት አስተባብሏል፤ ክርክሩ ከዚያ ወዲህ ብዙ የተካረረው መዝገብ የማይናገረው ነገር ስላለ ነው። ስለዚህ ያልተጻፉትን ለብቻ፣ ሴቶችን ከወንዶች ለይታችሁ፣ የግብርና ባለሙያውም ሆነ ሊቀመንበሩ በሌሉበት አነጋግሩ። ቤቶቹንም ቀበሌው አይምረጥላችሁ።

ቆላማ፦
ሁለታችሁም ስለ መግቢያው በር ነው ያወራችሁት። ከባዱ የፖለቲካ ጫና ያለው መውጫው ላይ ነው፣ ምረቃ ላይ።

አንድ ቤት ተመረቀ የሚባለው ያለ ሴፍቲኔት ክፍያ 12 ወር ራሱን መመገብና መጠነኛ ችግርንም መቋቋም ሲችል ነው። በመጀመሪያው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ (ከ2003 እስከ 2007) ግን የተጠቃሚውን ቁጥር በብዙ መቀነስ የመንግሥት ግብ ሆነ። ግቡ ለክልል፣ ለወረዳ፣ ለቀበሌ ተከፋፈለ፤ የአመራሩም ግምገማ በእሱ ሆነ። እንዲህ ሲሆን የምረቃ ቁጥር የሚመጣው ከገበሬው ጎተራ ሳይሆን ከዕቅድ ሰንጠረዥ ነው።

ሦስት ነገር ፈትሹ። የወረዳውን የምረቃ ዕቅድ ከክንውኑ ጋር አስተያዩ፤ በየቀበሌው ቁጥሩ ልክ በልክ ከገጠመ ማንም ጥሪት አልቆጠረም። ሁለተኛ፣ የጥሪት ቆጠራ ቅጹን ከብድር መዝገቡ ጋር አገናኙት። በብድር የተገዛ በሬና በግ እንደ ሀብት ተቆጥሮ ዕዳው ሳይቀነስ የተመረቀ ብዙ ሰው አለ፤ ከተመረቀ በኋላ ከብቱን ሸጦ ብድሩን ይከፍላል፣ ባዶ እጁን ይቀራል። ሦስተኛ፣ የተመረቁትን ስም በቀጣዩ ዓመት የአስቸኳይ ጊዜ እርዳታ ዝርዝር ላይ ፈልጉት፤ እዚያ ከተገኘ ምረቃው የወረቀት ብቻ ሊሆን ይችላል። ለምሳሌ በ2008 ዓ.ም. በኤልኒኞ ድርቅ ከመደበኛው ሴፍቲኔት ውጭ 10.2 ሚሊዮን ሰው አስቸኳይ እርዳታ ፈልጎ ነበር።

አዝመራ፦
በጣም ጠቃሚ ነው፣ እናመሰግናለን። ክፍያው ላይስ? በጥሬ ገንዘብ በሚከፈልባቸው ወረዳዎች ምን እንጠይቅ?

ገብስማ፦
የቀን ክፍያው በ1997 6 ብር፣ በ2000 8 ብር፣ በ2002 10 ብር ነበር። በ2000 የእህል ዋጋ ሲሰቀል ያቺ 2 ብር ጭማሪ ለምንም አልበቃችም። በእህል የሚከፈለው 3 ኪሎውን ሲያገኝ በብር የሚከፈለው በዚያው የሥራ ቀን የሚገዛው እያነሰበት ሄደ። ስለዚህ በየወረዳው የክፍያውን ወር ከዚያው ወር የገበያ ዋጋ ጋር አስሉት፤ ክፍያ ሁለት ሦስት ወር ሲዘገይ ጉዳቱ ይብሳል።

ተፋሰስ፦
በክፍያ ቀን ከገንዘብ ያዡ ጎን ማን እንደተቀመጠ ጠይቁ። የማዳበሪያ ዕዳ፣ የመሬት ግብር ወይም መዋጮ ሰብሳቢ እዚያው ካለ ሰውየው በፔሮሉ ላይ ሙሉውን ፈርሞ ጎድሎ ነው የሚወስደው። ፔሮሉ ላይ ያለውን ፊርማ ብቻ ካያችሁ ይህ አይታያችሁም። «ስንት ፈረምክ?» እና «ስንት ይዘህ ቤት ገባህ?» የሚሉትን ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች አድርጋችሁ፣ ከክፍያው ቦታ ርቃችሁ ጠይቁ። ልዩነቱን ከነምክንያቱ መዝግቡ፤ ለወረዳው ስታቀርቡም በቀበሌ ድምር ብቻ አድርጉት፣ የተናገረው ሰው እንዳይለይ።