ሴት ልጆች ከቡድኑ እየቀሩብኝ ነው፤ ምን ላድርግ?

ፊሽካ ያዡ፦
ከትምህርት ሰዓት በኋላ ሴት ተማሪዎችን እግር ኳስ አሰለጥናለሁ። ሙያዬ ሒሳብ ማስተማር ነው፤ ፊሽካውን የያዝኩት ሌላ የሚይዘው ሰው ስለጠፋ ብቻ ነው። ልጆቹ ከ12 እስከ 15 ዓመት ናቸው። ዓመቱ ሲጀመር 22 ነበሩ፤ ባለፈው ሳምንት ስቆጥር የሚመጡት 9 ብቻ ናቸው። ከወንዶቹ ቡድን ግን የጎደለ የለም።

የቀሩትን አንድ በአንድ እየጠራሁ ምክንያቱን ስጠይቅ መልሱ ሁልጊዜ "ጥናት በዛብኝ" ነው። የቤት ሥራውን የምሰጣቸው እኔ ስለሆንኩ መጠኑን አውቀዋለሁ። አልበዛም።

ለማነቃቃት ብዬ ደራርቱ ቱሉ እ.ኤ.አ. በ1992 ባርሴሎና ላይ 10,000 ሜትር አሸንፋ ከደቡብ አፍሪካዊቷ ኤለና ማየር ጋር እጅ ለእጅ ተያይዘው ሜዳውን እንደዞሩ ተረኩላቸው። ዓይናቸውን አፍጠው አዳመጡኝ። በሳምንቱ ሁለት ልጆች ቀሩ።

የቀድሞ በረኛ፦
ወንድሜ፣ የቡድንህ ቁምጣ ቀለሙ ምንድን ነው? እየቀለድኩ አይደለም። እኔ በ13 ዓመቴ ኳስ የተውኩት በነጭ ቁምጣ ምክንያት ነው። የወር አበባዬ ገና መምጣቱ ነበር፤ ግብ ክልሉ ውስጥ በተወረወርኩ ቁጥር ተነስቼ ወደ ኋላዬ ማየት ሆነ ሥራዬ። አሰልጣኙ ለምን እንደቀረሁ ሜዳው መሃል ሁሉም እየሰማ ጠየቀኝ። እኔም "ጥናት" አልኩት። ምን ልበለው?

ዊምብልደን እንኳን ሴት ተጫዋቾች ከነጩ ቀሚስ ሥር ጠቆር ያለ የውስጥ ቁምጣ እንዲለብሱ የፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2023 ነው። ስመ ጥር ተጫዋቾች ሲሳቀቁበት የኖሩትን ነገር አንዲት ታዳጊ እንዴት ትቻለው?

ደግሞ ሄደህ መጸዳጃ ቤታቸውን እይ። መቀርቀሪያ አለው ወይስ ጓደኛዋ በሩን ገፍታ ይዛ ትጠብቃታለች? በመጀመሪያ እርዳታ ሳጥንህ ውስጥስ ከፋሻው ጎን ሞዴስ አለ?

የሁለት ሴት ልጆች አባት፦
ሁሉንም ነገር ቁምጣ ላይ ባንጭነው ጥሩ ነው። ታላቋ ልጄ ኳስ ትወዳለች፤ ታናሿ ኳስ ወደ እሷ ሲመጣ ዓይኗን ትጨፍናለች፣ ውኃ ውስጥ ግን የሚያወጣት የለም። ከእግር ኳስ ሌላ ምርጫ አቅርባችሁላቸዋል? ፍላጎት የሌላትን ልጅ መጎተት ትርፉ ድካም ነው።

ማለዳ ሯጭ፦
ስለ ምርጫው እስማማለሁ። "ፍላጎት የላቸውም" የሚለው ግን ከጥንት ጀምሮ የሰለቸን ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1928 አምስተርዳም ላይ ሴቶች 800 ሜትር ሮጡ፤ ጋዜጦች ተዝለፈለፉ ብለው አጋነኑትና ርቀቱ እስከ 1960 ድረስ ከኦሊምፒክ ቀረ። የሴቶች ማራቶንማ በኦሊምፒክ የተጀመረው በ1984 ነው። እንግሊዝ ውስጥ ደግሞ በ1920 መጨረሻ የሴቶች ጨዋታ 53,000 ያህል ተመልካች ስቦ ነበር፤ በዓመቱ የእግር ኳስ ማኅበሩ ክለቦች ሜዳቸውን ለሴቶች እንዳይሰጡ ከለከለ። ክልከላው እስከ 1970ዎቹ መጀመሪያ ቆየ። ፍላጎት የሌለውን ሰው ማን ይከለክላል?

ፊሽካ ያዡ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ፦ ሜዳውን ወንዶቹ በየትኛው ሰዓት፣ ሴቶቹስ በየትኛው ሰዓት ነው የሚጠቀሙበት?

ፊሽካ ያዡ፦
ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመልሻለሁ። ቁምጣችን ነጭ ነው፤ ነበር። ሜዳውን የምናገኘው ወንዶቹ ሲጨርሱ ነው።

እኔ ብጠይቅ "ጥናት" እንደሚሉኝ ስለገባኝ አንዲት የሥራ ባልደረባዬን ለመንኳት። የቀሩትንም ያሉትንም ሰብስባ ስም የሌለው ወረቀት አስሞላቻቸው። በብዙዎቹ ላይ ቁምጣው አለ። በአምስቱ ላይ ወንዶቹ ከልምምድ ሲወጡ አጥሩ ላይ ተደርድረው እንደሚስቁባቸው ተጽፏል፤ እኔ ይህን አይቼ "ደጋፊ አገኘን" ብዬ ነበር። አንዷ ደግሞ "መምህር ስንሳሳት ፊሽካውን ረጅም አድርገው ይነፋሉ፤ ሰው ሁሉ ዞሮ ያየናል" ብላለች። የእጅ ጽሑፏን አውቄዋለሁ፤ እንዳላወቅሁ ሆኛለሁ።

ጥቁር ቁምጣ ተገዝቷል፤ ሰዓቱን ከወንዶቹ ጋር በየሳምንቱ እንቀያየራለን። ፊሽካው መሳቢያ ውስጥ ነው፤ የመጸዳጃ ቤቱ መቀርቀሪያ ግን ገና እየተባለ ነው። ሐሙስ 14 መጡ። የመጀመሪያ እርዳታ ሳጥኑን ሦስት ልጆች ከፍተውት ነበር፤ የቆሰለ ግን አልነበረም።