«የሉሉ ስፋት» ስንት ነው? ክብ፣ ድቡልቡል፣ ሉል እና ሲሊንደር

ጠያቂዋ፦
ሰላም ቃል ወዳዶች። ትናንት የታናሽ ወንድሜ የቤት ሥራ አጣላን። ጥያቄው «ሬዲየሱ 3 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሉል ስፋቱ ስንት ነው?» ይላል። እሱ 6 አለ፣ እኔ 113 አልኩ። ማን ነው ልክ? እግረ መንገዴን፣ ክብ፣ ድቡልቡልና ሉል ልዩነታቸው ምንድን ነው?

ቃል ለቃሚ፦
ጥፋቱ የወንድምሽ አይደለም፣ የቃሉ ነው። «ስፋት» ሁለት ቦታ ተቀጥሮ ይሠራል። «የበሩ ስፋት» ስንል ከዳር እስከ ዳር ያለውን ርቀት ነው። የሂሳብ መጽሐፍ ግን ይህንን «ወርድ» ይለውና ስፋትን ለርዝመትና ለወርድ ብዜት ያስቀምጠዋል። ወንድምሽ በበሩ ስፋት ሄዶ ዲያሜትሩን ለካ። አንቺ ገጽታውን አሰላሽ፤ 4 ጊዜ ፓይ ጊዜ 9፣ ወደ 113.1 ካሬ ሴንቲ ሜትር። የቤት ሥራው «የገጽታ ስፋት» ቢል ኖሮ ሁላችሁም በሰላም ታድሩ ነበር።

ወደ ቃላቱ ስመጣ፣ ክብ የ«ከበበ» ልጅ ነው። ክበብና ከበባ ወንድሞቹ ናቸው። (ክብር ግን የሌላ ቤት ነው፤ እሱ ከ«ከበረ» ነው የመጣው።) ክብ ወረቀት ላይ የሚሣል ጠፍጣፋ ነገር ነው። ድቡልቡል የእጅ ቃል ነው። ጭቃ በሁለት መዳፍሽ መካከል ስታድበለብዪ የሚወጣው ድቡልቡል ይባላል፤ ትንሽ ቢንጋደድ ማንም አይከስሽም። ሉል ላይ ግን ቀልድ የለም። ከመሃሉ ተነስተሽ ገጹ ላይ የትም ብትደርሺ ርቀቱ አንድ ነው። በግእዝ ሉል ከባሕር የሚወጣው ዕንቁ ነው።

ተጠራጣሪው፦
ታዲያ «ንፍቀ ክበብ» የሚለውን ምን እናድርገው? ንፍቅ ግማሽ ነው። ቃል በቃል ሲፈታ ግማሽ ክብ መሆኑ ነው። የምንከፍለው ደግሞ ምድርን ነው። «ንፍቀ ሉል» መባል አልነበረበትም?

ቃል ለቃሚ፦
በሎጂክ አዎ። ግን አሁን ብትለውጠው ማን ይሰማሃል? ደግሞ ምድር ራሷ ሉል አይደለችም። ከመሃሏ እስከ ምድር ወገብ 6,378 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ እስከ ዋልታዎቹ 6,357። ወገቧ ላይ ትንሽ ወፍራለች። «መሬት ድቡልቡል ናት» የሚለው ሰው «ሉል ናት» ከሚለው ይልቅ ለእውነት ቀርቧል።

ተጠራጣሪው፦
እሺ፣ ተረታሁ። ሲሊንደርስ? የራሳችን ቃል እንዴት ይጠፋል? እኔ «ጥቅልል» ብያለሁ።

የሂሳብ መምህሩ፦
ሐሳብህ ከምትገምተው በላይ ጥሩ ነው። የግሪኩ ቃልም የመጣው ከመንከባለል ነው። ችግሩ፣ ጥቅልል ስንል ተጠቅልሎ የሚተረተር ነገር ይታየናል። ድፍን ግንድስ? ጥቅልል አይደለም፣ ሲሊንደር ግን ነው። እኔ ክፍል ውስጥ ሲሊንደር እላለሁ። ተማሪው ከሞተርም ከጋዝም ያውቀዋል።

ጥቅልል ግን ለማስረዳት ይጠቅመኛል። የእህታችንን ሉል ውሰዱ። ቁመቱ 6፣ ርዝመቱ 18.85 ሴንቲ ሜትር የሆነ ወረቀት ቁረጡና በሉሉ ወገብ ላይ ዙሩበት። ጫፍና ጫፉ ይገናኛል፣ ሉሉ ከላይም ከታችም ልክክ ይላል። አሁን ወረቀቱን ዘርጉና ስፋቱን አስሉ። 113.1! የወረቀቱ ስፋትና የሉሉ የገጽታ ስፋት እኩል ናቸው።

ይህን ያረጋገጠው የጥንቱ ግሪካዊ የሂሳብ ሊቅ አርኪሜዲስ ነው። በዚያ አላበቃም፤ ሉሉ የሲሊንደሩን ይዘት ሁለት ሦስተኛ እንደሚይዝም አሳየ። በኛ ቋንቋ ደግሞ ያማረ ቃል አለ፦ ሲሊንደሩ ውስጥ ሲሶው ባዶ ይቀራል። የሚገርመው፣ ክዳንና ወለል ከጨመርንለት የገጽታው ስፋትም በዚያው ሂሳብ ነው የሚሄደው፣ ሉሉ ሁለት ሦስተኛ። አርኪሜዲስ መቃብሩ ላይ ሉልና ሲሊንደር እንዲቀረጽለት ፈልጎ ነበር። ሮማዊው ተናጋሪና ፖለቲከኛ ሲሴሮ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ75 በሲሲሊ ደሴት፣ ሲራኩስ ከተማ መቃብሩን በእሾህና በቁጥቋጦ ተውጦ ሲያገኘው፣ የለየው በእነዚሁ ሁለት ቅርጾች ነው።

ጠያቂዋ፦
ኧረ አንድ ነገር ግራ ገባኝ። አሁን የሉሉን ይዘት ሳሰላም 113.1 መጣልኝ። ስፋትና ይዘት አንድ ናቸው እንዴ?

የሂሳብ መምህሩ፦
አይደሉም። 3 ቁጥር ነው የሸወደሽ። ይዘት ለማግኘት የገጽታውን ስፋት በሬዲየሱ ሲሶ ታባዣለሽ። የ3 ሲሶ 1 ነው፣ ስለዚህ ቁጥሩ ንቅንቅ አይልም። አንዱ ካሬ ነው፣ ሌላው ኩብ። ሬዲየሱን 4 አድርጊና ሞክሪው፤ ስፋቱ 201.1፣ ይዘቱ 268.1 ይመጣልሻል።

ጠያቂዋ፦
መጣልኝ! ወንድሜ ግን አሁንም 8 ነው እያለ ነው።