ባህር ዳር ላይ ለእናት ለአባት ቤት ስትፈልጉ

ሰሞኑን ሦስት ሰው አንድ ዓይነት ጥያቄ ጠየቀኝ። «እናቴ ጡረታ ወጥታለች፤ ባህር ዳር መኖር ትፈልጋለች። ግን ከእኛ ጋር ሳይሆን ለብቻዋ። የት ላስገባት?» እኔንም ከሁለት ዓመት በፊት ይኸው ጥያቄ እንቅልፍ ነስቶኝ ነበር። እናቴ አሁን ያለችበት ቤት የደረስነው አንዴ ተሳስተን ነው።

ውጭ አገር ያለው ወንድሜ 55 ዓመት ለሞላቸው ሰዎች ብቻ የሚከራይ ግቢ ፎቶ ይልክልኝ ነበር። ሁሉም የየራሱ ቤትና ቁልፍ አለው። መመገቢያ አዳራሹና መናፈሻው የጋራ ነው። እኔም እዚህ እንዲህ ያለ ነገር ፈለግሁ፤ አላገኘሁም። የአረጋውያን መርጃ ማዕከል ደግሞ ሌላ ነው። እንደ መቄዶንያ ያሉት የተቋቋሙት ጧሪ ለሌላቸው ሰዎች ነው። የእኔ እናት ቡናዋን ራሷ ቆልታ፣ ራሷ አፍልታ የምትጠጣ ሴት ናት። የምትፈልገው የራሷ በር ያለው ቤትና ቅርብ የሆነ ሰው ነው።

የጀመርነው በኮንዶሚኒየም ነው፤ ሦስተኛ ፎቅ። ጥበቃ አለው፣ ንጹሕ ነው፣ እንጀራ መጋገሪያውም የጋራ ቤት አለው። ሊፍት ግን የለውም። ጉልበቷን ያማታል። በሳምንት ሁለትና ሦስት ቀን ቤተ ክርስቲያን ትስም የነበረችው እናቴ በወር አንዴ መውረድ ጀመረች። ውሃ የጠፋ ቀን ጄሪካን ተሸክሞ የሚወጣ ልጅ ፍለጋ ነው። አንድ ጠዋት መታጠቢያ ቤት ውስጥ አዳልጧት ወደቀች። እግዚአብሔር ይመስገን፣ አጥንቷ ተረፈ። ግን እኔ ከሥራ እስክደርስ ድረስ ማንም አላወቀም። ጎረቤቶቿ ክፉ ሰዎች ሆነው አይደለም። እዚያ በሩ የተዘጋ ሰው ወጥቷል ነው የሚባለው። ስለዚህ ኮንዶሚኒየም ከሆነ ምርጫችሁ፣ ምድር ላይ ያለውን ብቻ ውሰዱ። ለሱቅ ስለሚፈለግ ይወደዳል፤ ቢሆንም ጨምሩና ውሰዱ።

ሙሉ ግቢ መከራየትም አለ። ጓደኛዬ ለአባቷ አባይ ማዶ እንዲህ አደረገች። ግንቦት 2016 ዓ.ም. አዲሱ ድልድይ ከተመረቀ ወዲህ መሻገሩ ቀሏል። ጋሼ ጓሮ ጎመን ተክለዋል፣ ሁለት በግ ገዝተዋል፣ ፊታቸው በርቷል። ግን አብሯቸው የሚያድር የወንድማቸው ልጅ አለ። እሱ ባይኖር ይህን ቤት አልመክርም ነበር። ሰፊ ግቢ ማታ ላይ ለአንድ ሽማግሌ ይከብዳል።

እኔን ያሳረፈኝ ሰርቪስ ቤት ነው። ባለቤቶቹ ራሳቸው በሚኖሩበት ግቢ ውስጥ ያለ፣ የራሱ ሽንት ቤት ያለው ሰርቪስ። አሁን እናቴ መሀል ከተማ፣ ጊዮርጊስን በእግሯ ሄዳ የምትስምበት ቦታ ናት። የግቢው እመቤት ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ድረስ የእናቴ መስኮት ካልተከፈተ ልጃቸውን ይልካሉ። ማንም አላዘዛቸውም። ልጁ «እማማ፣ ደህና አደሩ?» ብሎ ያንኳኳል፤ እሷም ከውስጥ ትመርቀዋለች። ለእኔ ከጥበቃም ከግንብ አጥርም ይሄ ይበልጥብኛል። ቤቱ ጠባብ ነው፣ እውነት ነው። እንግዳ ሲበዛ ወንበር ወደ በረንዳ ይወጣል።

ሰፈር ስትመርጡ ለሐይቁ እይታ ብላችሁ አትቸኩሉ። ጣና ዳር ሲያዩት ደስ ይላል፤ ክረምቱ ሲወጣ ግን ከመስከረም እስከ ኅዳር ወባ አለ። አጎበር የትም ብትሆኑ ግዴታ ነው፤ ውሃ የሚተኛበት ቦታ አጠገብ ከሆነ ደግሞ ሁለቴ አስቡ። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ሙቀቱ ከባድ ነው። ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ቤት ቀን ላይ አያስቀምጥም። ስለዚህ ቤት ስታዩ ስምንት ሰዓት ላይ ሂዱ፤ ጠዋት ሁሉም ቤት ቀዝቃዛ ነው። የሐኪም ክትትል ያለው ሰው ከሆነ የሚታይበትን ሆስፒታል አስቡ። ፈለገ ሕይወት ለመሀል ከተማ ይቀርባል። ጥበበ ጊዮን ግን ወደ አዴት መውጫ ስለሆነ በየወሩ ለሚመላለስ ሰው የባጃጁ ወጪ ቀላል አይደለም።

የምታምኑት አንድ ባለባጃጅ ያዙ። ስልኩን በትልቁ ጽፋችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉ። እኛ ለክሊኒክና ለእሑድ በወር እንከፍለዋለን፤ ኮንትራት በየቀኑ ከመከራከር በጣም ይሻላል።

ከዕቃ ደግሞ ከሁሉም በፊት የሽንት ቤት መያዣ ብረት። ከውጭ የሚመጣውን አትጠብቁ፤ ሰፈር ያለ ብየዳ ቤት ይሠራዋል። የእኛ ብየዳ ሠሪ መጀመሪያ እናቴን መቀመጫው ላይ አስቀመጣት። «አሁን ይነሱ እስቲ» አላት። ስትነሳ እጇ በራሱ ግድግዳው ላይ ያረፈበትን ቦታ አይቶ በጠመኔ ምልክት አደረገ። ብረቱን እዚያው ላይ አሰረው። ሠላሳ ዓመት በጠመኔ ያስተማረች ሴት ናትና ምልክቱን እንዳታጠፉብኝ አለች፤ እስካሁን አለ። ቁጢጥ የሚያስብል ሽንት ቤት ከሆነ መቀመጫ ይቀየርለት። ሮቶ ከሌለ ቢያንስ ቧንቧ ያለው በርሜል፣ ጎንበስ ሳይባል የሚቀዳበት ከፍታ ላይ።

እድር በመጀመሪያው ወር ይግቡ። የመግቢያውን ገንዘብ እናንተ ክፈሉ፤ ስሙ ግን በእሷ ይሁን፤ ስብሰባውም ላይ ራሷ ትገኝ። እናቴን ሰፈሩ ያወቃት በዚያ ነው።

ውል ከመፈረማችሁ በፊት ደግሞ እሷን ይዛችሁ ሂዱ። እኔ የመጀመሪያውን ቤት ብቻዬን አይቼ ነው የተከራየሁት። ሁለተኛውን አብረን አየነው። ስለ ቧንቧውና ስለ ኪራዩ እኔ ስጠይቅ እናቴ ዝም ብላ ቆየች። ከዚያ ወደ ግቢው እመቤት ዞር ብላ «ቡና ስንት ሰዓት ነው የምትጠጡት?» አለቻቸው። «አሥር ሰዓት» አሏት። ወደ ክፍሉ የገባችው ከዚያ በኋላ ነው።