ቀለም፣ ሪላክሰር፣ ኬራቲንና የጡት ካንሰር፦ ፀጉር ቤት ለሚሠራ ሰው

ጥያቄ (የሳሎን ሠራተኛ)
ሰላም ለሁላችሁ። የምሠራው ፀጉር ቤት ስለሆነ ቀለምና ፀጉር ማለስለሻዎቹን (ሪላክሰርና ኬራቲን) በየቀኑ እነካለሁ። እነዚህ ኬሚካሎች የጡት ካንሰር ያመጣሉ ሲባል እሰማለሁ፤ ሌላው ደግሞ ውሸት ነው ይላል። ጥናቶቹ በትክክል ምን አገኙ? ሥራዬን ሳልተው ከየቱ ልጀምር? ሰውነቴ ውስጥ ምን ያህል እንዳለስ በምርመራ ይታወቃል?

መልስ 1 (ኤፒዲሚዮሎጂስት)
ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው «ሲስተር ስተዲ» የተባለው የአሜሪካ ጥናት ነው፤ ከ50,000 በላይ ሴቶችን ይከታተላል። በ2019 በወጣው ውጤት ቋሚ ቀለም በሚቀቡት ላይ የጡት ካንሰር ስጋት ከማይቀቡት በ9 በመቶ ከፍ ብሎ ታየ፤ በጥቁር ሴቶች ላይ ልዩነቱ 45 በመቶ ነበር። በማለስለሻ ተጠቃሚዎች ላይ ደግሞ 18 በመቶ። ልብ በይ፣ ተሳታፊዎቹ ሁሉ እህቶቻቸው በጡት ካንሰር የተያዙባቸው ሴቶች ናቸው።

በ2020 የታተመው የአሜሪካ ነርሶች ጥናት 117,200 ሴቶችን ለ36 ዓመት ተከታትሎ በቋሚ ቀለምና በጠቅላላው የጡት ካንሰር መካከል ግንኙነት አላገኘም። ጥቂት ጭማሪ ያየው የሆርሞን ተቀባይ በሌላቸው (በሆርሞን በማይነቃቁ) የዕጢ ዓይነቶች ላይ ነው።

9 በመቶ ሲባል አትደንግጪ። በአሥር ዓመት ውስጥ ከ1,000 ሴቶች 25ቱ ይያዛሉ ብንል፣ በዚህ ጭማሪ 27 ይሆናሉ ማለት ነው። ሁለቱም ጥናቶች ግን በዋናነት የሚያወሩት ስለሚቀቡት ሴቶች እንጂ ቀኑን ሙሉ ሌላ ሰው ስለሚቀባው ባለሙያ አይደለም። የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ የፀጉር ሠሪነትን ሥራ በምድብ 2ኤ («ካንሰር ሳያመጣ አይቀርም» በሚባለው) ያስቀመጠው በሽንት ፊኛ ካንሰር ማስረጃ ነው።

መልስ 2 (የሥራ ደህንነት)
እኔ ብሆን ከኬራቲኑ እጀምራለሁ። ዕቃው ላይ «ከፎርማልዲሃይድ ነፃ» ቢልም ከኋላ ያለውን ዝርዝር አንብቢ፤ ሜቲሊን ግላይኮል፣ ፎርማሊን ወይም ሜታነዲዮል ካለበት ፒያስትራው ሲያርፍበት ፎርማልዲሃይድ ጋዝ ይለቃል። ይህ ጋዝ በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጣ የተረጋገጠ ነው (የተረጋገጠው ለአፍንጫ ጀርባ ካንሰርና ለደም ካንሰር ነው)። ዓይን ማቃጠልና ማስነጠስ ከጀመረሽ ቀድሞውኑ እየተነፈስሽው ነው። ተራ የአፍ ጭምብል ጋዝ አያግድም። ቬንትሌተርም አየሩን እዚያው ያዞረዋል እንጂ አያወጣውም፤ የሚያስፈልገው ወደ ውጭ የሚስብ ማራገቢያ ነው፣ እሱም ከደንበኛዋ ራስ አጠገብ። በጣም የሚሻለው ግን ዕቃውን ጨርሶ አለመጠቀም ነው።

ቀለም ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሲቀባ ሳይሆን ከቀባ በኋላ ነው። ሲቀባ ጓንት ያደርግና ሊያጥብ ሲል ያወልቃል፤ ከዚያ ገና የተቀባውን ፀጉር በባዶ እጁ ይቆርጣል። በዚያ ሰዓት ያልተዋሃደው ቀለም ከፀጉሩ ወደ ጣትሽ ይሸጋገራል። ስለዚህ መጀመሪያ ቁረጪ፣ ቀጥሎ ቅቢ፣ ውሃው ጠርቶ እስኪወርድ ድረስም በጓንት እጠቢ። ጓንቱ ናይትራይል (ሰው ሠራሽ ላስቲክ) ይሁን፣ የእጅጌው ጫፍ አንጓሽን ይሸፍን። ቀለሙን የምትበጠብጪበትን ቦታ ደግሞ ምግብና ቡና ከምታስቀምጡበት ለዪው።

መልስ 3 (ቶክሲኮሎጂስት)
ስለ ምርመራው፦ ገንዘብሽን አታውጪ። እንደ ቢስፌኖል ኤ (በፕላስቲክ ውስጥ የሚገኝ ኬሚካል) ያሉት በሰዓታት ውስጥ በሽንት ይወጣሉ፤ የዛሬ ውጤትሽ ስለ ያለፈው ዓመት ምንም አይነግርሽም። ዲዲቲ (ፀረ ተባዩ ኬሚካል) በአንጻሩ በስብ ውስጥ ለዓመታት ይቆያል። በሁለቱም ግን «ከዚህ በላይ ከሆነ የጡት ካንሰር ይመጣል» የሚል ልኬት የለም። «መርዝ አውጪ» እየተባለ የሚሸጠውንም ተዪው። የሚጠቅምሽ በቤተሰብ ውስጥ ማን፣ በስንት ዓመቱ እንደታመመ ጽፈሽ ለሐኪም ማሳየትና በዕድሜሽ ልክ ማሞግራም (የጡት ራጅ) መነሳት ነው።

ከመጠኑ እኩል ዕድሜ ወሳኝ ነው። በካሊፎርኒያ ኦክላንድ ከ1959 እስከ 1967 በተሰበሰበ የደም ናሙና፣ ዲዲቲ ከ14 ዓመታቸው በፊት ያገኛቸውና በደማቸው ብዙ የተገኘባቸው ሴቶች የጡት ካንሰር ስጋታቸው አምስት እጥፍ ነበር። የጡት ሕዋስ በጉርምስናና በእርግዝና ወቅት በፍጥነት ስለሚለወጥ ነው። ሳሎናችሁ ውስጥ ገና ልጅ የሆነች ተለማማጅ ወይም ነፍሰ ጡር ካለች፣ ከኬራቲኑና ከመበጥበጫው ቦታ መጀመሪያ እሷን አርቁ።

ጥያቄ (የሳሎን ሠራተኛ)
እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ጓንቱን አጥቦ መልሶ መጠቀምስ?

መልስ 2 (የሥራ ደህንነት)
በፍጹም። ሲወልቅ ይገለበጣል፤ ቀለም የነካው ፊት ወደ ውስጥ ይገባና በሚቀጥለው ጊዜ ቆዳሽ ላይ ያርፋል። ለእያንዳንዷ ደንበኛ አዲስ ጥንድ፤ ከተቀደደም ወዲያው ለውጪና እጅሽን በሳሙና ታጠቢ።